ሁለት መስመር በአማርኛ

ሰው ጡረታ የሚወጣው በስተርጅና ነው፤ እኔን ግን ሳንባዬ በሠላሳ አራት ዓመቴ አሰናበተኝ። የሰው ሥጋ እንዳይበሰብስ የሚያቆየውን ፎርማሊን የተባለ ፈሳሽ አሥራ አንድ ዓመት ስተነፍስ ኖሬ፣ በመጨረሻ የጠርሙሱ ክዳን ሲከፈት ደረቴ አብሮ የሚዘጋ ሰው ሆንኩ። የመረመረኝ ሐኪም ሁለት ምርጫ እንዳለኝ ነገረኝ፤ አንደኛው ሥራውን መተው ነበር፣ ሁለተኛውን ሊናገረው አልወደደም። አሁን በአንድ ማተሚያ ቤት የጽሑፍ አራሚ ነኝ። የምጽፈው ግን ስለ ሳንባዬ አይደለም። በዚያ ሙያ ውስጥ ሳለሁ ስለ ሠራሁት አንድ ጥፋትና ያን ጥፋት እንድመለከት ስላደረገችኝ ሴት ነው።

ሥራዬ ምን እንደነበረ አስቀድሜ ላስረዳ። ሐኪም ከታማሚ አካል ላይ ትንሽ ሥጋ ቆርሶ ይልካል። እኛ ተቀብለን ውኃውን አውጥተን በሰም እናጠልቀዋለን፤ ሰሙ ሲረጋ ከነሥጋው አንዲት ጡብ ይመስላል፣ ብሎክ እንለዋለን። ያንን በጥሩ ምላጭ ከወረቀት እጅግ አቅጥነን እንቆርጣለን፣ በመስታወት ላይ ዘርግተን በቀለም እንነክረዋለን። ፓቶሎጂስት የሚባለው ሐኪም በማይክሮስኮፕ አይቶ ካንሰር ነው፣ አይደለም ብሎ የሚፈርደው በእኛ እጅ ባለፈው ቁራጭ ላይ ነው። ታማሚው አያውቀንም። እኛም የታማሚውን ውስጥ እንጂ ፊቱን አናውቅም።

የመጀመሪያ ምድቤ ከአዲስ አበባ ርቆ በሚገኝ የክፍለ ሀገር ከተማ ነበር። ናሙናው በአውቶቡስ፣ በማር ዕቃና በመድኃኒት ብልቃጥ እየሆነ ይመጣ ነበር። አንድ አባት የልጁን እጢ በአረቄ ዘፍዝፎ አመጣልኝና ፊቴ ሲለዋወጥ አይቶ፣ «አይዞህ፣ ከጠንካራው ነው የገዛሁት» አለኝ። የሚያስገርመው፣ አረቄው ሥጋውን በሚገባ ጠብቆት ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ተዛወርኩ። እዚያ አለቃዬ የነበረው ሰው ሥራን የሚለካው በቀን በወጣው መስታወት ብዛት ነበር፤ አንድ ቁራጭ ስላልተስተካከለልኝ ደግሜ ስቆርጥ ሲያየኝ፣ «ዮናታን! እዚህ የምንከትፈው ሥጋ ነው፣ ቅኔ አይደለም» ይል ነበር። ደመወዙ ትንሽ፣ ቅጹ ብዙ ነበር ብዬ ልለፈው።

ሦስተኛውና የመጨረሻው ቦታዬ ጉለሌ ነው። ከአዲሱ ገበያ ወደ ላይ በሚወጣው መንገድ ዳር፣ በአንድ ሕንጻ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሚገኝ ሁለት ክፍልና አንድ መስኮት ያለው የግል ላብራቶሪ ነበር። ክፍሎቹ የእኛ ናቸው፤ ወደ መተላለፊያው የሚከፈተው መስኮት የሕዝቡ ነው። በአገራችን ናሙናንም ውጤትንም ተሸክሞ የሚዞረው ቤተሰብ መሆኑን አንባቢ ያውቃል። ታማሚው ራሱ አይመጣም። ክፉ ወሬን ከታማሚ መሸሸግ እንደ ደግነት ስለሚቆጠር፣ ዘመድ ወይም የታመነ ጎረቤት ይላካል። የተላከው ሰው ፖስታውን ይቀድዳል፣ እንግሊዝኛውን ያገላብጣል፣ ከዚያ አንገቱን በመስኮቱ አስግጎ ይጠይቃል፤ «ወንድሜ፣ ምን ይላል?» ደንቡ «ሐኪማችሁ ይነግራችኋል» ማለት ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር በስድስት ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ እንዳልኩት አልቆጠርኩም፤ ያላልኩበትን ቀን ግን አልረሳውም።

የላብራቶሪው ፓቶሎጂስት ዶክተር ውድነሽ ትባላለች። ስልሳ ዓመት የተጠጋት፣ አጭር፣ የጋወኗን እጅጌ እስከ ክርኗ የምትጠቀልል፣ ስትቆጣ ድምፅዋ የሚቀንስ ሴት ነበረች። ቁራጩን የምናንሳፍፍበትን ሞቅ ያለ ውኃ ከአንዱ ታማሚ ወደ ሌላው ስናልፍ በወረቀት እንድጠርገው ያስተማረችኝ እርሷ ናት። የአንዱ ሰው ቅንጣት ሥጋ በውኃው ላይ ቀርቶ በሌላው ሰው መስታወት ላይ ከተለጠፈ፣ ጤነኛውን ካንሰር አለበት ሊያሰኝ ይችላልና። «አንድ ጊዜ ጥረግ፤ ከዚያ ንጹሕ ነው ብለህ ስታስብ ደግሞ ጥረግ» ትለኝ ነበር።

ከልማዷ ሁሉ በእኔ ላይ ያደረው ግን ሌላ ነው። የጻፈችውን ውጤት ከመፈረሟ በፊት ሦስት ጊዜ ድምፅዋን አሰምታ ታነበዋለች። መጀመሪያ እንደሚያክመው ሐኪም ሆና ታነባለች፤ ቀጥሎ በመስኮቱ ፊት እንደቆመው ዘመድ ሆና ታነባለች። ሦስተኛው ያስገርመኝ ነበር።

«ሦስተኛው ለማን ነው?» ብዬ ጠየቅኳት፣ ገና በመጣሁ ሰሞን።

«ለጠላት።»

«የማን ጠላት?»

«የታማሚው ነዋ። ይህን ወረቀት ክፉ ሊሠራበት የሚፈልግ ሰው ቢያገኘው የትኛውን ቃል ይመዛል? እርሱን ፈልገህ ታወጣዋለህ።»

እኔ ያን ጊዜ በልቤ፣ ለካንሰር ውጤት ምን ጠላት ይመጣበታል እያልኩ ነበር።

ባለፈው ዓመት ክረምት ሲገባ የአንድ የኃምሳ ሁለት ዓመት ሰው ናሙና መጣ። ከቀኝ ቶንሲሉ የተቆረሰ፣ ከምስር ፍሬ ብዙም የማይበልጥ ሥጋ ነው። ቅጹ ላይ ሥራው አናጢ፣ ሲጋራ አያጨስም፣ አይጠጣም፣ ጫት አይቅምም፣ አንገቱ ላይ ሦስት ወር የቆየ እብጠት አለው ይላል። ትንሽ ናሙና የሚያስተምረው ትዕግሥትን ነው። ብሎኩን በበረዶ ላይ አቀዝቅዤ፣ ትንፋሼን ይዤ ቆረጥኩ። ቁራጩ እንደ ሪባን ተያይዞ ሲወጣ በቀጭን ብሩሽ ተቀብዬ በውኃው ላይ አነጠፍኩት፤ የአየር አረፋ ሳይገባበት፣ ሳይጨማደድ በመስታወቱ አነሣሁት። ማንም የማያመሰግንበት፣ ግን ልብን የሚሞላ ሥራ ነው።

ዶክተር ውድነሽ አይታ ካንሰር መሆኑን ያለ ማመንታት ተናገረች። ከዚያ ያኔ ገና በጀመርነው ልዩ ቀለም እንድነክረው አዘዘችኝ። ይህ ቀለም ፒ-16 የሚባል ንጥረ ነገር በብዛት ያለባቸውን ሴሎች ቡናማ ያደርጋቸዋል። ኤች ፒ ቪ የተባለው ቫይረስ፣ ሴት ልጆቻችን በትምህርት ቤት ክትባት የሚወስዱለት የማህጸን በር ካንሰሩ ቫይረስ ማለት ነው፣ በጉሮሮ ሴሎች ውስጥ ገብቶ ሥራቸውን ሲያዛባ ይህ ንጥረ ነገር ብዙውን ጊዜ ይከማቻል። የአናጢው ሥጋ ከዳር እስከ ዳር ቡናማ ሆነ።

እኔ በዚያ ሰሞን ስለዚህ ነገር ያገኘሁትን ሁሉ እያነበብኩ ነበርና ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። «ዶክተር፣ ቫይረሱ ነው!» አልኩ።

«ቫይረሱን አየኸው?»

«ፒ-16 እኮ...»

«ፒ-16 ዱካ ነው። ዱካ አይተህ ጅብ አልፏል ልትል ትችላለህ፤ ብዙ ጊዜም ትክክል ትሆናለህ። አንዳንዴ ግን ውሻ ነው።» ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ ሳታነሣ ቀጠለች፤ «ደግሞስ ያነበብከው ጥናት የተሠራው በማን አገር ሰው ላይ ነው? የእኛን ሰው ቶንሲል ማን መረመረ? ስንቱ ከቫይረሱ፣ ስንቱ ከሌላ እንደሆነ እዚህ የሚያውቅ ካለ አሳየኝ።»

ውጤቱን ስትጽፍ ካንሰር መሆኑን በእርግጠኝነት አሰፈረች። ስለ ቡናማው ቀለም ግን ሦስት ነገር ብቻ ጻፈች። ከኤች ፒ ቪ ጋር የተያያዘ ሊሆን እንደሚችል ይጠቁማል፤ ቫይረሱን ራሱን የሚፈልገው ምርመራ ስላልተሠራ ማረጋገጥ አልተቻለም፤ በሌሎች አገሮች እንዲህ ያለ ምልክት ያላቸው የቶንሲል ካንሰሮች ከሌሎቹ ይልቅ ለሕክምና የተሻለ ምላሽ ሲሰጡ ታይቷል። ሦስት ጊዜ አነበበች፣ ፈረመች፣ ለምሳ ወጣች።

ፖስታውን ሊወስድ የመጣው ወንድም ታምራት የሚባል ሰው ነው። አናጢው አቶ ማቴዎስ ሽማግሌ ሆኖ የሚያገለግልባት የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን የመረዳጃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበር። ትሑት፣ ቸኩሎ የሚናገር፣ ሰውን ለመርዳት የሚሮጥ ሰው።

«ጌታ ይባርክህ ወንድሜ» አለኝ፤ «ኮሚቴው ዛሬ ማታ ለሕክምናው ድጋፍ ሊወስን ይሰበሰባል። እንግሊዝኛውን ማን ይረዳዋል? ሁለት መስመር በአማርኛ ጻፍልን።»

«ሐኪማቸው ያስረዷቸዋል እኮ።»

«ሐኪሙ የሚገኘው ከሳምንት በኋላ ነው። ሁለት መስመር ብቻ! ምን ሕመም እንደሆነ፣ ከምን እንደመጣ። አንተ ደግሞ የተማርክ ሰው መሆንህ ከንግግርህ ያስታውቃል።»

ይህ የመጨረሻው ቃል አሸነፈኝ። ንጹሕ ወረቀት ስቤ፣ ፊደሌን አሳምሬ እንዲህ ስል ጻፍኩ፤ «የአቶ ማቴዎስ ሕመም የቶንሲል ካንሰር ነው። መንስኤውም በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ኤች ፒ ቪ የተባለ ቫይረስ መሆኑ በምርመራ ተረጋግጧል።» ወንድም ታምራት ወረቀቱን አጥፎ በመጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ ከተተው። እኔም መልካም አማርኛ የጻፈ ሰው ኩራት ተሰምቶኝ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ ቀን፣ አንዲት ሴት በመስኮቱ ፊት ቆመች። ነጠላዋ በዝናብ ርሷል። ያን ወረቀት ዘርግታ በመዳፏ ያዘችው።

«ይህን የጻፈው ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ እናቴ።»

«እናቴ አትበለኝ። ስምህ ማነው?»

«ዮናታን።»

«ዮናታን፣ ባሌን ታውቀዋለህ?»

«አላውቃቸውም።»

«እኔ ሃያ ስድስት ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ። እኔ የማላውቀውን ነው አንተ ሳታየው ያወቅኸው?»

ወይዘሮ ራሔል ትባላለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ወረቀቱ በኮሚቴው ፊት በንባብ ከተሰማ በኋላ ባሏ ነገሩ እስኪጣራ ከሽምግልና አገልግሎት እንዲያርፍ ተደርጓል። ሴቶቹ ጸሎት ላይ ያቀፏት አቅፈው ሲያበቁ ዓይኗን አያዩም። እርሷም ጠየቀችው፤ እርሱ አልካደም፣ አላመነም፣ ዝም አለ። ዝምታው ሲበዛባት ልብሷን ይዛ ሸጎሌ ሰፈር ወዳለው ወንድሟ ቤት ገባች። ይህ ሁሉ ሆኖ ግን የመጣችበት ጉዳይ ሌላ ነበር።

«የጨረር ሕክምና ተራው ሰኞ ነው» አለችኝ። «ይህ ካለፈ የሚቀጥለው መቼ እንደሆነ የሚነግረን የለም። እርሱ ግን አልሄድም ብሏል። ‹ለዚያ በሽታ ከታከምኩ አምኛለሁ ማለት ነው› ይላል። እኔ ሚስቱ ሆኜ እንዳልለምነው ሚስቱ መሆኔን አላውቅም። እንዲሞት ግን አልፈልግም። አንተ የጻፍከውን አንተ ፍታው።»

ዶክተር ውድነሽ ከኋላዬ ቆማ ኖሯል። ወረቀቱን በአክብሮት ተቀበለችና አነበበች። ሦስት ጊዜ ማንበብ አላስፈለጋትም። ወይዘሮ ራሔልን አስቀምጣ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቤታቸው እንደምንመጣ ቃል ገብታ፣ እስከ ደረጃው ሸኝታት ተመለሰች።

«ይህ ወረቀት የማን ነው?» አለችኝ፣ በዚያ በሚቀንሰው ድምፅዋ።

«የአቶ ማቴዎስ።»

«ለማን ሰጠኸው?»

«ለኮሚቴያቸው ሰው።»

«እሺ፣ ጥርጣሬውን ጣልክ፤ አላዋቂነት ነው እንበል። ተስፋውንስ የት ጣልከው? ሕክምናው ሊሠራለት ይችላል ብዬ ጽፌ ነበር እኮ። ከሦስቱ ነገር አንዱን መርጠህ የወሰድከው ምኑን አይተህ ነው?»

እስከ ዛሬ ድረስ ከራሴ ጋር የምሟገተው በዚህ ጥያቄ ነው። ክፋት አልነበረኝም። ነገር ግን «አላውቅም» የሚለው ቃል በዚያ መስኮት ላይ አሳፈረኝ። ከሁሉም ይልቅ እርግጠኛ የሚያስመስለኝን ቃል ፈለግሁ፤ እርግጠኛ የሚያስመስለውም የሚያሳፍረው ቃል ሆኖ ተገኘ።

የኋላውን አስቀድሜ ልናገርና ወደዚያች ቅዳሜ ልመለስ። አቶ ማቴዎስ ዛሬ በሕይወት አለ። ምራቁ ደርቋል፣ ሲበላ በየጉርሻው ውኃ ይጠጣል፣ በየሦስት ወሩ ይታያል። ድኗል ወይ ቢባል ሐኪሞቹ «እየተከታተልን ነው» ይላሉ፤ ይህም ትክክለኛ መልስ ነው። ካንሰሩ ከምን እንደመጣ ግን ያኔም አልታወቀም፣ ዛሬም አይታወቅም።

ቅዳሜ ዕለት ወንድም ታምራት በግቢው በር ላይ ጠበቀን። ግቢው ውስጥ ያልተጠናቀቀ የቁም ሣጥን በላስቲክ ተሸፍኖ ቆሟል፣ ሳጋቱራው ረጥቦ ይሸታል። ወንድም ታምራት ሰውነቱ ከስቶ ነበር፤ እርሱም ሳይተኛ የከረመ ይመስለኛል። ወደ ጎን ሳበኝ።

«መፍትሔ አለኝ» አለ በሹክሹክታ። «ሰውየው አናጢ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ የእንጨት ብናኝ ሲስብ ኖሯል። ከእርሱ ነው ብላችሁ ጻፉልን። ነገ ለኮሚቴው አነበዋለሁ፤ በቃ፣ ነገሩ ያበቃል።»

እውነቱን ልናዘዝ፤ ልቤ ዘለለ። ወደ ዶክተር ውድነሽ ዞሬ፣ «የእንጨት ብናኝ ከአፍንጫ ካንሰር ጋር እኮ ይያያዛል» አልኳት።

«ከቶንሲልስ?»

«እ... ማለቴ፣ ቅርብ ናቸው።»

«ቅርብ ናቸው!» ቆም ብላ አየችኝ። «በአንድ ውሸት ቤቱን አፈረስክ፤ አሁን በሌላ ልታቆመው ነው?»

«ዶክተር፣ ውሸት አይበሉት፤ ምሕረት ነው» አለ ወንድም ታምራት።

«ወንድም ታምራት፣ ያን ወረቀት ለስንት ሰው አነበቡት?»

«ለሰባት።»

«የምሕረቱ ሰዓት ያን ጊዜ ነበር።» ይህን ብላ ጫማዋን በበሩ ላይ ጠርጋ ገባች።

አቶ ማቴዎስ ከሶፋው ሊነሣ ሲሞክር ተቻኩለን አስቀመጥነው። ረዥም፣ አጥንቱ የወጣ ሰው ነበር፤ ትኩስ ነገር በአፉ የያዘ ይመስል ቃሉ ይታፈናል። ወይዘሮ ራሔል ከበሩ አጠገብ፣ በእንግዳ ወንበር ላይ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

«የእኔን ጉሮሮ ቆርጠህ ያየኸው አንተ ነህ?» አለኝ።

«ቆርጬ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ ያዩት ዶክተር ናቸው።»

«ያምር ነበር?»

«ሥራው አምሮልኝ ነበር» አልኩ። አናጢ ነውና ገባው መሰለኝ፤ ራሱን ነቀነቀ።

ዶክተር ውድነሽ አልረዳችኝም፤ ልትረዳኝም እንዳልመጣች መንገድ ላይ ነግራኛለች። ስለዚህ ተናገርኩ። ካንሰር መሆኑ እርግጥ እንደሆነ፣ ያየነው ቀለም የቫይረሱ ዱካ ሊሆን እንደሚችል፣ ቫይረሱን ራሱን ግን እንዳላየነው፣ «ተረጋግጧል» ያልኩት ሐሰት እንደነበር ተናገርኩ። ቫይረሱ ቢሆን እንኳ እጅግ ብዙ ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ ሳያውቀው እንደሚይዘው፣ አብዛኛው ሰው ሳይታመም እንደሚያልፈው፣ በጥቂቱ ሰው ግን ለዓመታት፣ ምናልባት ለአሥርት ዓመታት ተደብቆ እንደሚቆይ፣ ለምን በዚህኛው ሰው ላይ እንደሚቀር የሚያውቅ እንደሌለ ገለጽኩ። ወደ አፍ በምን በምን መንገድ እንደሚደርስ እንኳ ተመራማሪዎቹ ገና ሁሉን እንዳልጨረሱ፣ በእኛ አገር ሰው ላይ ያለው እውቀት ደግሞ ከዚያም ያነሰ መሆኑን ነገርኳቸው። በመጨረሻም የጣልኩትን ተስፋ መልሼ አስቀመጥኩ፤ ዱካው የቫይረሱ ከሆነ ሕክምናው የተሻለ ሊሠራለት እንደሚችል።

አቶ ማቴዎስ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። «እሺ» አለ፤ «እንግዲህ ቫይረሱ አይደለም በለኝ።»

«አልችልም።»

«ነው በለኛ።»

«እሱንም አልችልም።»

«ታዲያ ያን ጊዜ እንዴት ቻልክ?»

«አላውቅም ማለት አሳፍሮኝ ነው።»

ወይዘሮ ራሔል ወደ ዶክተር ውድነሽ ዞረች። «ለአሥርት ዓመታት ይደበቃል ነው ያላችሁት?»

«ሊደበቅ ይችላል ነው የሚባለው። በትክክል ለስንት ዓመት እንደሆነ አይታወቅም።»

«ከጋብቻ በፊት የነበረ ሊሆን ይችላል?»

«ይችላል።»

«ከእርሱ ብቻ ነው ወይስ...» ቦርሳዋን አጥብቃ ያዘች። «እኔ ማቴዎስን ያገባሁት መበለት ሆኜ ነው። የመጀመሪያው ባሌ ሞቶብኝ።»

«ራሔል፣ ተይ» አለ አቶ ማቴዎስ።

ተይ ያለበት ድምፅ የመደንገጥ አልነበረም፤ ብዙ ቀን የያዘውን ነገር ሊያስቀምጥ የማይፈልግ ሰው ድምፅ ነበር። እርሷም ሰማችው።

«አስበኸው ነበር» አለች።

«ማቴዎስ! ይህን አስበኸው ነበር?»

«ጉሮሮዬን ያየው ሐኪም ነግሮኛል» አለ በመጨረሻ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየገፋ። «ወረቀቱ ከተነበበ በኋላ ብቻዬን ሄጄ ጠየቅኩት። ‹ከአንተም ከእርሷም፣ ከድሮም ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል› አለኝ። ታዲያ ምን ልበል? ለሰባት ሰው ያንቺን ስም ልስጥ?»

ወንድም ታምራት ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ስድስት ሳምንት ሙሉ እንደ ጥፋተኛ ዝምታ የተቆጠረው፣ ሚስቱ ትታው የሄደችበት ዝምታ፣ ለካ እርሷን የሚጋርድ ኖሯል።

ዶክተር ውድነሽ፣ «ወይዘሮ ራሔል፣ ከእርስዎ ነው ማለት አይደለም» አለች። «ከማንኛችሁም ላይሆን ይችላል። ይህን ጥያቄ ለመመለስ አቅሙ የለንም። አንድ ነገር ግን ላቀርብላችሁ እችላለሁ። ከናሙናው ሁለት ሦስት ቁራጭ የሚወጣው ቀርቷል። ውጭ አገር ቫይረሱን ራሱን የሚፈልግ ላብራቶሪ ውስጥ የሚሠራ ባልደረባ አለኝ፤ ልልክለት እችላለሁ። ለሕክምናው አያስፈልግም፣ ሰኞንም አያስቀይርም። ለእናንተ ልብ ካስፈለገ ነው።»

ወንድም ታምራት ቀና አለ። «ይላክ! እውነቱ ይውጣና ኮሚቴው...»

ወይዘሮ ራሔል እጇን አነሣችና ዝም አሰኘችው። የምትናገረው ለዶክተር ውድነሽ ብቻ ነበር።

«ቫይረሱን ቢያገኙት መቼ እንደገባ ይነግሩኛል?»

«አይነግሩም።»

«ከማን እንደመጣ?»

«አይነግሩም።»

«ባያገኙትስ?»

«ከምን እንደመጣ አናውቅም።»

«እንግዲያው የምጠይቀውን የማይመልስልኝን ምርመራ ምን ላድርገው?» አለች። ቦርሳዋን ከጭኗ አንሥታ መሬት ላይ አስቀመጠችና ወደ ባሏ ዞረች። «ሰኞ ስንት ሰዓት ነው የቀጠሩህ?»

አቶ ማቴዎስ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ዶክተር ውድነሽን አየ፤ ከዚያ እርሷን።

«ሁለት ሰዓት።»

«በአሥራ ሁለት ተኩል ታክሲ መያዝ አለብን» አለች። «ሰኞ ሰልፉ ረዥም ነው።»